አርብ አርብ የሚጠፋው እሳት

በጠባዬ ለሰውም ለዕቃም ትዕግሥት የለኝም። ሰው ሲዋሸኝ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ማሽን ሲዋሸኝ ደግሞ ሆዱን ከፍቼ ሽቦውን አንድ በአንድ እለካለሁ። ሽቦ ከሰው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ ሲለኩት ጥፋቱን ያምናል። ያን ክረምት ያሳበደኝም ይኸው ነው፤ ቦይለሩን ከላይ እስከ ታች ለክቼ አንድም ውሸት አላገኘሁበትም።

ቦይለሩ ያለው እስራኤል አገር፣ አሚሻቭ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ጡረተኞች በሚኖሩበት አንድ አሮጌ ሆስቴል ምድር ቤት ነው። ከነዋሪዎቹ ገሚሱ የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ገሚሱ ከሩሲያ የመጡ ናቸው። እናቴም አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አላት። ከዚያ በፊት በነበሩት ክረምቶች ሁሉም በየክፍሉ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሰካ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤቶች መረራቸውና በጋዝ የሚሠራ፣ ውሃ የሚያሞቅ ትልቅ ቦይለር አስገቡ፤ በየክፍሉም የሞቀው ውሃ የሚዞርበት ብረት፣ ራዲያተር፣ ተሰቀለ። ሥራውን የወሰደው የእኔ አለቃ ነበር። የመቆጣጠሪያው ሽቦና ሴንሰሮቹ በእኔ እጅ ወደቁ።

የእኔ ሥራ እሳት ማንደድ አይደለም፤ እሳቱ ከልኩ እንዳያልፍ ማሰር ነው። ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ የሚለካ ሴንሰር አለ። ግፊቱን የሚጠብቅ አለ። በትንሽ መስታወት አሾልቆ ነበልባሉን የሚያይ ዓይን አለ። ሁሉም በአንድ መስመር የታሰሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ቅር ካለው መስመሩ ይቋረጣል፣ ጋዙም ይዘጋል። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የሚበራው ቀይ መብራት ይናገራል። ይህን ሁሉ ስገጥም ከፎቅ ላይ እናቴ እንደተቀመጠች አልረሳሁም። እያንዳንዱን ብሎን ሁለት ጊዜ ነው ያጠበቅሁት።

ሥራው ሲያልቅ እጇን ይዤ ወደ ታች አወረድኋት። ኩራት ይዞኝ ነበር። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቢሮ ስትጠርግ ኖራ ነው ያስተማረችኝ፤ እንግዲህ ፍሬውን ትየው ብዬ ነው። በመስታወቱ እንድትመለከት አደረግኋት። ሰማያዊው ነበልባል ሲጮህ አየችና ወደ ኋላ አለች።

"ይኸ ሁሉ እሳት ነው?" አለችኝ።

"እሳት ነው።"

"ማን ያነደዋል?"

"ማንም። በራሱ ነው። ሲበርድ ይነሣል፣ ሲሞቅ ይተኛል።"

"ማንስ ያጠፋዋል?"

ይህን ጥያቄ ወደድሁት። ከበሩ ውጪ፣ ደረጃው ሥር ያለውን ቀዩን የድንገተኛ ማጥፊያ አሳየኋት። አንዴ ስትጫኚው ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፣ ጠምዘዝ ስታደርጊው ይመለሳል አልኋት። ተጭኜም አሳየኋት። "እጅሽ ይባረክ" አለችና ደረጃውን ወጣች። ቀኑን ሙሉ ዝም እንዳለች ዋለች። ደረጃው አድክሟት ይሆናል አልሁ።

በዚያው ሳምንት አርብ ማታ ቦይለሩ ጠፋ። ይህን የሰማሁት እሑድ ጠዋት ነው፤ አለቃዬ ሰንበት አክባሪ ስለሆነ ቅዳሜ ስልኩን ዘግቶ ነው የሚውለው። ለአርብ ማታና ለቅዳሜ ብቻ የተቀጠረው ጠባቂ ደግሞ ጋዝ የሚባል ነገር ያስፈራዋል። ወርዶ አየ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ብርድ ልብስ አደለ። ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ቦይለሩ ራሱ ተነሣ። እኔ እሑድ የመሣሪያ ሣጥኔን ይዤ ስደርስ ሁሉም ነገር እየሠራ፣ ቧንቧው እየሞቀ አገኘሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው።

ጠባቂውን "ቀይ መብራት በርቶ ነበር?" ብዬ በስልክ ጠየቅሁት።

"ምንም የበራ ነገር አልነበረም" አለኝ።

ቀይ ካልበራ ሴንሰሮቹ ንጹሐን ናቸው፤ ኃይሉ ነው የተቋረጠው። ስለዚህ የላላ ሽቦ ፍለጋ ገባሁ። ዋናውን ፊውዝ ፈታሁ፣ መግቢያውን ኬብል ጎተትሁ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ደግሜ አጠበቅሁ። ቀዩን ማጥፊያ ሳይቀር፣ ውስጡ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በአዲስ ቀየርሁት። አለቃዬ እየሳቀ "ቦይለርሽ ሆዜር ቢትሹቫ ሆኗል" አለኝ፤ ንስሐ ገብቶ ሃይማኖት ይዟል ማለቱ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በሚቀጥለው አርብ እንደገና ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። ከምድር ቤቱ በላይ ባለው ክፍል የሚኖር ሳንባ በሽተኛ የሆነ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጥሮት በአምቡላንስ ተወሰደ። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አፏ የማይመለስ ሴት፣ በስልክ ጮኸችብኝ። እኔም መልሼ ጮኽሁባት፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ አለቀስሁ። አለቃዬ ሲደውል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እሱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚያስፈራኝ። "ስሚኝ፣ ሰውዬው አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቁት ሽቦውን ማን አሰረው ብለው ነው" አለኝ።

ያን ሳምንት ሥራዬ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እየፈታሁ እገጥማለሁ፣ እየገጠምሁ እፈታለሁ። የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ሴንሰሩን አሞቅሁት፤ ልክ ነው። በረዶ አስጠግቼ አቀዘቀዝሁት፤ ልክ ነው። ሰኞ ልክ፣ ረቡዕ ልክ፣ ሐሙስ ልክ። እናቴ በመካከሉ ሾርባ በቴርሞስ ይዛ ሽማግሌውን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች። ስትመለስ "እንዴት ነው?" ብላት "ያስላል" ብቻ አለችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም፤ እኔ ግን ልቤ ሽቦው ላይ ነበር።

አርብ ጠዋት ሽማግሌውን ከሆስፒታል መለሱት። ሥራ አስኪያጇ ደውላ ነገረችኝ፤ ዶክተሩ ክፍሉ እንዳይበርድ አደራ ብሏል፣ ዛሬ ማታ ከጠፋ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ አለችኝ። እኔም የወሰንሁት ያኔ ነው። ባሌን ልጆቹን ይዞ ሰንበትን ያለ እኔ እንዲቀበል ነገርሁት። ከሰዓት በኋላ ቦይለሩ ክፍል ገባሁና በሩን ከውስጥ ገፋ አድርጌ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥሁ። ኤሌክትሪክ የምለካበትን የቴስተሩን ሁለት ጫፎች መስመሩ ላይ አሰርሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አላነሣሁም።

ውጪ ዝናብ ይወርዳል። ሰንበት ሊገባ ስለሆነ አውቶቡሶቹ እየሳሱ ሄዱ፤ ከመንገዱ የሚሰማው ድምፅ አንድ አንድ እያለ ጠፋ። ቦይለሩ ይጮሃል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይነሣል። በተኛ ቁጥር ወደ ቴስተሩ እጠጋለሁ። ቧንቧ ጠብ ባለ ቁጥር እነሣለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሽማግሌው ሲያስል ይሰማኝ ነበር፤ ክፍሉ ከራሴ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ሳል ሰምቼ አላውቅም። እባክህ፣ እባክህ አልሁ፤ ለማን እንዳልሁት አላውቅም፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለቦይለሩ።

በዚህ መካከል እሳቱ ቀጥ አለ። ውሃው ገና አልሞቀም፤ መተኛት አልነበረበትም። ቴስተሩን አየሁ፤ ዜሮ። ሰሌዳውን አየሁ፤ ጨለማ፤ ቀይ የለ፣ አረንጓዴ የለ። ዘልዬ ስነሣ ባልዲው ተንከባለለ። ጉልበቴ ፓምፑን መታ። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

እናቴ ደረጃው ሥር ቆማለች። የሰንበት ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን ተከናንባለች፤ ጣቷ ገና ቀዩ ማጥፊያ ላይ ነው። እጅ ከፍንጅ።

"እማየ! ምን እየሠራሽ ነው?"

አልደነገጠችም። "አንቺ ነሽ እንዴ? ለምን ቤትሽ አልገባሽም? ሰንበት እኮ እየደረሰ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ የምታጠፊው?"

"እኔ ነኝ።"

"ባለፈውም? ከዚያ በፊትም?"

"አርብ አጠፋዋለሁ፤ ሰንበት ሲወጣ ጠምዝዤ እመልሰዋለሁ። እንዳሳየሽኝ።"

ደሜ ፈላ። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮኽሁ። "ሰውዬው ሊሞት ነበር! እኔ ሥራዬን ላጣ ነው! ሳምንቱን ሙሉ በጉልበቴ ስድህ፣ አንቺ ከላይ ሆነሽ ታዪኛለሽ! ስሚው፣ ሲያስል ስሚው!"

ሰማችው። ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች።

"አውቃለሁ። ሾርባ ይዤ የሄድሁት ስለማውቅ አይደለም?" አለች። "ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።"

"ታዲያ አውቀሽ እንዴት ትደግሚዋለሽ?"

"እሳት ነው ልጄ። አሳየሽኝ እኮ። ካየሁ በኋላ እንዴት ዝም ልበል? ከራሴ በታች እሳት እየነደደ ሰንበትን ልተኛበት?"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጆች ሳለን፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ስንኖር፣ ቅዳሜ ቤታችን የሞቀ ምግብ አይበላም ነበር። ጎረቤቶቹ ሁሉ ፕላታ አላቸው፤ አርብ የሰኩት ማሞቂያ ላይ ድስታቸው ሲሞቅ ያድራል፣ ሽታው በደረጃው ይወርዳል። እኛ የቀዘቀዘ ወጥ እንበላለን፤ እኔና ወንድሞቼ እናጉረመርማለን። እናቴ መልስ አትሰጥም። እኔም ያገር ቤት ግትርነት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሰንበት ሲገባ እሳት ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ከአርብ የተረፈ ፍም እንኳ እንደማይታይ አውቃለሁ። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ግን ብዙዎቹ ትተውታል።

"እማየ፣ ይኸ እኮ ተፈቅዷል" አልኋት፤ ድምፄን ለማብረድ እየታገልሁ። "ረቢዎቹ፣ ራባኑት ራሱ ፈቅዷል። ሰንበት ሳይገባ የተለኮሰ በራሱ ቢነድ ምንም የለውም። ደግሞ የታመመ ሰው አለ። ፒኩዋሕ ኔፌሽ ነው፤ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል።"

"ሰምቻለሁ። ገና እንደመጣን ነግረውናል።"

"ከሰማሽ ታዲያ?"

"ከተፈቀደማ እኔ ምን ልሁን?" አለች።

አልገባኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ እርጥብ ነው ብላትም አልሰማችኝም።

"ካንቺ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ" አለች።

እኔ የቤታችን የበኩር ልጅ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው ያደግሁት፤ ታናናሾቼን የምቆጣው በዚሁ ሥልጣን ነው። 

"በአርብ ቀን ነው የወለድኋት፣ በአራስ ጎጆ። ያዋለዱኝ ሴቶች ሰንበት ሳይገባ ሊነጹ ወንዝ ወረዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ አራስ ጎጆ ወንድ አይገባም፣ አባትሽ ጎጆውን ከከበበው ድንጋይ ወዲያ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ። ኅዳር ነበር። አገሩ ደጋ ነው፣ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ጎጆው መኻል እሳት ነበረ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነሣሁና አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። አመድ አለበስሁት፣ ጭሱ እስኪቆም ጠበቅሁ። ልጅቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ጋቢውን ደረብሁባት። ሌሊት እጇ ቀዘቀዘብኝ። ተነፈስሁባት። እግሯም ቀዘቀዘ። ተነፈስሁባት።"

ከላይ ሽማግሌው አሳለ።

"ከአመዱ ሥር ፍም ነበረ፤ አውቃለሁ፣ አጠፋሁት ብልም ፍሙ ይኖራል። በጣቴ ብቆሰቁሰው ይነሣ ነበር። ሰንበት ነው ብዬ አልቆሰቆስሁትም። ሊነጋጋ ሲል ዝም አለች።"

"እማየ" አልሁ።  ጎንበስ ብዬ የነጠላዋን ጫፍ ከእርጥቡ ደረጃ ላይ ሰበሰብሁላት።

"ቄሱ መጥተው ከሩቅ ሆነው አጽናኑኝ። ሰንበትን ያከበረች እናት አሉኝ። በዚያች ቃል ነው የኖርሁት። እዚህ መጣን። ሰንበት ይሻራል አሉን፣ ለነፍስ ሲሆን እሳት ይነዳል አሉን፣ ድሮም እንዲህ ነበር አሉን። ድሮም እንዲህ ከነበረማ ያችን ልጅ ምን ገደላት? ንገሪኛ። አንቺ የተማርሽ ነሽ።"

ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። ትንሽ ከቆየሁ ሰንበት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ማጥፊያ ብጠመዝዝ በእናቴ ዓይን ፊት በሰንበት እሳት የለኮስሁ እሆናለሁ። ካልጠመዘዝሁት ሰውዬው ከላይ አለ። ፈራሁ። ተናደድሁ። በእሷ መናደዴ ደግሞ አሳፈረኝ። እናቴን እንደዚያች ቅጽበት ወድጃት አላውቅም፤ ያም ሆኖ እጄ ወደ ቀዩ ማጥፊያ ሄደ።

"ልመልሰው ነው" አልኋት። ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቃት ኖሮ ሸክሙን እሷ ላይ መጫን ይሆን ነበር።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ጠመዘዝሁት። ማራገቢያው መንፋት ጀመረ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እሳቱ ቧ ብሎ ተያያዘ። በድምፁ የእናቴ ትከሻ ሲደነግጥ አየሁ።

ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ነው፣ ሰንበት ሳይገባበት ሊያጣራ።

"እህስ? ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"ማጥፊያው ነው። መተላለፊያው ላይ ስለሆነ ሰው ይነካዋል። እሑድ ክዳን እገጥምለታለሁ።"

"በሰደር፣ እሺ። ሰሞኑን እንቅልፍ አልወሰደሽም አይደል? ሂጂ ተኚ። ሻባት ሻሎም፣ መልካም ሰንበት" አለኝና ዘጋው። ማን እንደነካው አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም አልነግረውም ነበር።

ወደ ቤቴ መሄጃ አልነበረኝም፤ አውቶቡሱ ቆሟል፣ መኪናውን ባሌ ይዞታል። እናቴን ደግፌ ደረጃውን ወጣን። በሽማግሌው በር ስናልፍ ቆም ብላ አዳመጠች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

የእሳቱ ሙቀት እንዲወጣ መስኮቷን ከፍታ ወርዳ ነበር፤ ክፍሏም ብረቱም እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዘዋል። ራዲያተሩ ውሃ መሳብ ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጎንበስ ብዬ መዝጊያውን ያዝሁት። "የአንቺን ልዝጋልሽ" አልኋት። "ሌሎቹ ይሙቁ፤ አንቺን ማንም አያስገድድሽም። እኔም በብርዱ አብሬሽ አድራለሁ።"

ከልቤ ነው ያልኋት። ከራዲያተሩ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ መዝጊያውን ማዞር ስጀምር እጇን እጄ ላይ አደረገች።

"ተይው" አለች።

እጇን ወደ ብረቱ ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች። መጀመሪያ ጣቶቿን፣ ቀጥሎ መላ መዳፏን አሳረፈችበት። ብረቱ ገና ለብ ከማለቱ ነው። እጇን እዚያው እንደተወችው ብዙ ቆየች፤ እኔም ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፊቷን አያለሁ።

"ይችን ታህል ሙቀት ነበር የጎደላት" አለች።